ሕይወት ያለው ባትሪ፦ ከአልጌ ኤሌክትሮን የመቅዳት ጥረትና ትክክለኛ ልኩ

ከሴንቴኒያል ወይም ከኦሮራ ተነሥቶ ዴንቨርን ወደ ምዕራብ የሚያቋርጥ መንገደኛ፣ የሮኪ ተራሮች ሽቅብ ከመጀመራቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ጎልደን ከተባለች ከተማ ይደርሳል። የአሜሪካ መንግሥት በነዳጅ ቀውሱ ዘመን ያቋቋመው የፀሐይ ኃይል ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1977 ሥራ የጀመረው በዚህች ከተማ ነበር። ተቋሙ በ1991 ወደ ብሔራዊ ላቦራቶሪነት አድጎ ብሔራዊ የታዳሽ ኃይል ላቦራቶሪ የሚል ስም ተሰጠው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጎልደን ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው በየጣሪያው ላይ የሚያብረቀርቀው የፀሐይ ሰሌዳና በሜዳ ላይ የሚሽከረከረው የነፋስ ተርባይን ነው። ሆኖም ተመራማሪዎቹ ከጅምሩ ሌላ ጥያቄም ይዘው ነበር። የፀሐይን ብርሃን ወደ ጥቅም መለወጥ የሰው ልጅ የጀመረው ሥራ አይደለም፤ በዓይን የማይታዩ ደቂቅ አካላት ከ2 ቢሊዮን ዓመታት በላይ ሲሠሩት ኖረዋል። ታዲያ እነርሱ ከሰበሰቡት ኃይል ጥቂቱን መቅዳት ይቻላል ወይ?

ለዚህ ጥያቄ እስከ ዛሬ የተሰጡት መልሶች በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ከአልጌ ዘይት ማውጣት ነበር፤ ሁለተኛው የሃይድሮጅን ጋዝ፤ ሦስተኛው፣ በአሁኑ ወቅት በዓለም ዙሪያ በሚገኙ ቤተ ሙከራዎች እየተፈተነ ያለው፣ ኤሌክትሮኑን ራሱን በቀጥታ መቀበል ነው። ከአንዱ መልስ ወደ ሌላው በተኬደ ቁጥር ሳይንስ ወደ ኃይሉ ምንጭ እየቀረበ፣ መሣሪያውም እያነሰ ሄዷል። በመጨረሻው የተደረሰው ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም ከማይበልጥ ቺፕ ላይ ነው።

ከዘይት ወደ ጋዝ

የጎልደኑ ተቋም ከ1978 እስከ 1996 የመራው የአልጌ መርሐ ግብር 25 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበታል። ተመራማሪዎቹ ከሐይቆች፣ ከጨዋማ ኩሬዎችና ከባሕር ዳርቻዎች ከ3,000 በላይ የአልጌ ዝርያዎችን ሰብስበው፣ ከመካከላቸው ተስፋ የሚጣልባቸውን 300 ያህሉን ለዩ። ዓላማቸው አልጌ የሚያጠራቅመውን ዘይት ወደ ናፍጣ መለወጥ ነበር። በኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ በሮዝዌል ከተማ አቅራቢያ፣ እያንዳንዳቸው 1,000 ካሬ ሜትር በሚሰፉ ኩሬዎች ሙከራው ከቤተ ሙከራ ወጥቶ በሜዳ ታየ።

ሁለት ነገሮች ግን መንገዱን ዘጉት። አንደኛው ዋጋ ነው፤ በዘጠናዎቹ ዓመታት የድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ ዝቅ ብሎ ስለነበር የአልጌ ናፍጣ ሊወዳደረው አልቻለም። ሁለተኛው ከሕይወት ጠባይ የመጣ ነው። አልጌ ዘይት አብዝቶ የሚያጠራቅመው ናይትሮጅን ሲያጣ፣ ማለትም ሲራብ ነው፤ ሲራብ ደግሞ ማደጉን ያቆማል። እንዲያድግ ቢቀልቡት ዘይቱ ያንሳል፤ ዘይት እንዲሠራ ቢያስርቡት ምርቱ ያንሳል።

ወደ ጋዝ ያመራው መንገድም ከተመሳሳይ እንቅፋት ጋር ተጋጨ። አረንጓዴ አልጌ ሃይድሮጅን ሊያመነጭ እንደሚችል ሃንስ ጋፍሮን ቀደም ብሎ አሳይቶ ነበር። ይሁንና ጋዙን የሚሠራው ሃይድሮጂኔዝ የተባለ ኢንዛይም ኦክስጅን ሲነካው ሥራውን ያቆማል፤ አልጌው ደግሞ ብርሃን ባገኘ ቁጥር የሚተነፍሰው ኦክስጅን ነው። በ2000 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በርክሌይ ተመራማሪው አናስታሲዮስ ሜሊስ ከጎልደኖቹ ማሪያ ጊራርዲና ማይክል ሲበርት ጋር አንድ ብልሃት አስታወቁ። አልጌው ሰልፈር ሲነፈገው የኦክስጅን ምርቱ ይቀንሳል፤ ኢንዛይሙም ነፃነት አግኝቶ ለቀናት ሃይድሮጅን ያመነጫል። ውጤቱ በዘርፉ ትልቅ እመርታ ሆኖ ተመዘገበ። ይሁን እንጂ በዚህም ጊዜ አልጌው መራብ ነበረበት።

ሁለቱም ልምዶች አንድ ነገር አስተማሩ። ደቂቅ አካሉ ከብርሃን ያገኘውን ኃይል በረጅም የኬሚካል ሰንሰለት ውስጥ እያሳለፈ ለራሱ ሕይወት ያውለዋል። ከሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ሆኖ ለሚጠብቅ ሰው የሚተርፈው ጥቂት ነው። ስለዚህ ወደ ሰንሰለቱ መጀመሪያ ቀረብ ብሎ መቅዳት ይሻል ይሆን የሚለው ጥያቄ ተነሣ።

ከውሃ የሚፈልቅ ኤሌክትሮን

ብርሃን አስተፃምሮ ወይም ፎቶሲንተሲስ የሚባለው ሂደት የሚጀምረው ክሎሮፊል የተባለው አረንጓዴ ቀለም ብርሃን ሲውጥ ነው። የተዋጠው ኃይል ፎቶሲስተም 2 ወደሚባል የፕሮቲን ስብስብ ያመራና ውሃን ይሰነጥቃል። ከሁለት የውሃ ሞለኪውሎች አንድ የኦክስጅን ሞለኪውል፣ አራት ፕሮቶኖችና አራት ኤሌክትሮኖች ይወጣሉ። ኦክስጅኑ ወደ ውጭ ይለቀቃል። ኤሌክትሮኖቹ ከአንዱ ተሸካሚ ሞለኪውል ወደ ሌላው እየተቀባበሉ ይጓዛሉ፤ በጉዟቸው መጨረሻ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ ስኳር ለመለወጥ ያገለግላሉ።

የኤሌክትሮን ጉዞ ማለት ደግሞ የኤሌክትሪክ ጅረት ማለት ነው። በሌላ አነጋገር፣ እያንዳንዱ አረንጓዴ ሕዋስ ብርሃን ባገኘ ጊዜ በውስጡ እጅግ አነስተኛ ጅረት ይፈስሳል። መሐንዲሱ የሚፈልገው ከዚህ ጅረት ጥቂቱን ወደ ሽቦ ማሳለፍ ነው። አሠራሩ በመርሕ ደረጃ ከተራ ባትሪ አይለይም። ሕዋሳቱ ባሉበት ክፍል የተቀመጠ ኤሌክትሮድ ኤሌክትሮኖቹን ይቀበላል፤ ፕሮቶኖቹ ስስ ገለፈትን አልፈው ወደ ማዶ ይሻገራሉ፤ ኤሌክትሮኖቹም በሽቦ ዞረው፣ በመንገዳቸው ሥራ ሠርተው፣ በማዶው ኤሌክትሮድ ይገናኟቸዋል።

በተግባር ሲታይ ግን ሕዋሱ ኤሌክትሮኑን በቀላሉ አይሰጥም። ዙሪያውን የከበቡት ገለፈቶች ኤሌክትሪክን የሚከለክሉ ናቸው። የቀደሙት መሣሪያዎች ይህን ያለፉት ወደ ሕዋሱ ገብቶ ኤሌክትሮን ይዞ የሚወጣ ቀለም መሰል ኬሚካል በመጨመር ነበር። ይህ ተሸካሚ ከሕዋሱ ወጥቶ ኤሌክትሮዱ ዘንድ እስኪደርስ የሚወስደው ጊዜ ደግሞ የመሣሪያውን አቅም ይወስነዋል።

መሣሪያውን ማሳነስ ጥቅም የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው። በውሃ ውስጥ እንደ ዕጣ ፈንታው እየዋለለ የሚሰራጭ ሞለኪውል፣ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ይሆንበታል። አንድ አነስተኛ ሞለኪውል 1 ሴንቲሜትር ለመጓዝ ከአንድ ቀን በላይ ሊፈጅበት ሲችል፣ ለ1 ሚሊሜትር አሥረኛ ግን 10 ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። ርቀቱ መቶ ጊዜ ሲያጥር ጊዜው 10,000 ጊዜ ያጥራል ማለት ነው። የኮምፒውተር ቺፕ ለመሥራት የተፈለሰፈው የጥቃቅን ቅርጽ ቴክኖሎጂ ለአልጌ ያስፈለገበት ምክንያት ይኸው ነው።

ከበርክሌይ እስከ ካምብሪጅ

በዚህ ሐሳብ ቀዳሚ ከሆኑት መካከል የበርክሌዩ የሊዌይ ሊን ቡድን ይገኝበታል። ቡድኑ በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት በሲሊከን ላይ በተቀረጹ ጥቃቅን ጎድጓዳ ክፍሎች ውስጥ ሳይኖባክቴሪያን፣ ኋላም ከስፒናች ቅጠል የተለዩ የፎቶሲንተሲስ ክፍሎችን አስቀምጦ ጅረት ለካ። በካናዳ፣ ሞንትሪያል የሚገኘው የኮንኮርዲያ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ሙቱኩማራን ፓኪሪሳሚና ባልደረቦቹ ሥራውን ወደፊት ገፉት። እነርሱ በሠሩት ቺፕ ውስጥ አረንጓዴ አልጌ በአንድ ወገን ይኖራል፤ ፕሮቶን የሚያሳልፍ ገለፈት በመካከል ይዘረጋል፤ ገለፈቱም በሁለቱም ገጹ ስስ የብረት ኤሌክትሮድ ተለብጦበታል። ቡድኑ በ2024 ባወጣው ጥናት እነዚህን ቺፖች በተከታታይና በጎንዮሽ አያይዞ ቮልቴጁንና ጅረቱን ማሳደግ እንደሚቻል አሳይቷል።

በኒውዮርክ ግዛት የቢንግሃምተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ሲዮክሁን ቾይ በ2016 ዘጠኝ ጥቃቅን የባክቴሪያ ሕዋሶችን ሦስት በሦስት አሰልፎ አነስተኛ ሰሌዳ ሠራ። ከፍተኛ ምርቱ 5.59 ማይክሮዋት ነበር። በ2018 የእንግሊዙ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ቡድን የተለየ አካሄድ ተከተለ። ሕዋሳቱ በአንድ ክፍል ብርሃን እየሞቁ ኤሌክትሮን እንዲያከማቹ፣ ከዚያ በጠባብ ቦይ ወደ ሌላ ክፍል ተገፍተው ኤሌክትሮኑን እንዲያስረክቡ አደረገ። ሁለቱ ሥራዎች ስለተነጣጠሉ እያንዳንዱ በሚስማማው መጠን ሊነደፍ ቻለ፤ ምርቱም በአንድ ካሬ ሜትር ግማሽ ዋት ደረሰ። ይህም ከቀደሙት መሰል መሣሪያዎች አምስት እጥፍ ነበር።

በ2022 ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ሁለት ሥራዎች ወጡ። ጄኒ ዣንግና ባልደረቦቿ ብርሃን የሚያሳልፍና ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ጥቃቅን ምሰሶዎችን በሦስት አቅጣጫዊ ማተሚያ አቆሙ፤ ሳይኖባክቴሪያዎቹ እንደ ከተማ ፎቅ ነዋሪዎች በምሰሶዎቹ መካከል ሰፈሩ። ክሪስቶፈር ሃው፣ ፓኦሎ ቦምቤሊና ባልደረቦቻቸው ደግሞ ከተራ የእጅ ባትሪ ድንጋይ የማይበልጥ ሣጥን ሠርተው፣ ሲኔኮሲስቲስ የተባለ ሳይኖባክቴሪያ ሞሉበት። በዚህ ሣጥን ብቻ አንድ የአርም ኩባንያ ማይክሮፕሮሰሰር ከስድስት ወራት በላይ ሠራ። ፕሮሰሰሩ 45 ደቂቃ ያሰላል፤ 15 ደቂቃ ያርፋል፤ ሲያሰላ የሚፈልገው ኃይል 0.3 ማይክሮዋት ነበር። መብራት በማይኖርበት ሌሊትም አልቆመም፤ ሕዋሳቱ ቀን ያከማቹትን ምግብ ሲያቃጥሉ ኤሌክትሮን መልቀቃቸውን ይቀጥላሉና።

ልኩን ማወቅ

እንዲህ ያሉ ዜናዎች ሲወጡ «ስልክዎን በአልጌ ይሙሉ» የሚል አርዕስት ይከተላቸዋል። ስሌቱ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። አንድ ተራ የስልክ መሙያ 5 ዋት ይሰጣል። ይህን ያህል ለማግኘት የቢንግሃምተኑን ሰሌዳ የመሰሉ ወደ 900,000 የሚጠጉ ሰሌዳዎች ያስፈልጋሉ። ከሲሊከን የተሠራ የፀሐይ ሰሌዳ በቀትር ፀሐይ በካሬ ሜትር 200 ዋት ገደማ ሲሰጥ፣ የካምብሪጁ ምርጥ ውጤት ግማሽ ዋት ነው። ቤት ማብራትን ወይም ፋብሪካ ማንቀሳቀስን ከዚህ ቴክኖሎጂ መጠበቅ ከጉንዳን ጭነት መጠበቅ ነው። ለዚያ ሥራ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውና 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የዓባይ ግድብ አለ።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በብዙዎቹ ጥቃቅን መሣሪያዎች ማዶ ክፍል ውስጥ ኤሌክትሮን የሚቀበለው የብረት ጨው በሥራው ሂደት ያልቃል፤ ሲያልቅም መተካት አለበት። ስለዚህ ከሚለካው ኃይል ከፊሉ የሕዋሱ ሳይሆን የኬሚካሉ ነው። የካምብሪጁ ሣጥን ኤሌክትሮድ ከአሉሚኒየም የተሠራ ስለነበር፣ ጅረቱ ምን ያህሉ ከባክቴሪያው፣ ምን ያህሉ ከአሉሚኒየሙ መበላት እንደሚመጣ ራሳቸው ተመራማሪዎቹ አንሥተዋል። ብረቱ ጉልህ መበላት ስላልታየበት የባክቴሪያው ድርሻ ያመዝናል የሚል ግምት ነበራቸው። አንባቢም ሆነ ገንዘቡን ለማውጣት የሚያስብ ባለሀብት ስለ «ሕያው ባትሪ» ሲሰማ ቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ይህንኑ ነው፦ የሚያልቀው ምንድን ነው? የሚተካውስ ማን ነው?

ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? መልሱ ያለው ከኃይሉ መጠን ሳይሆን ከኃይሉ ፈላጊ ዘንድ ነው። በዘመናችን ኃይል የሚሹ መሣሪያዎች ሁሉ ትልልቅ አይደሉም። የሐይቅን ከፍታ፣ የአፈርን እርጥበት፣ በጎተራ ያለ እህልን ሙቀት የሚለካ ዳሳሽ አብዛኛውን ጊዜውን በእንቅልፍ ያሳልፋል። አምስት ማይክሮዋት ለአንድ ሰዓት ሲጠራቀም 18 ሚሊጁል ይሆናል። ይህም 30 ሚሊዋት የሚወስድ አነስተኛ የሬዲዮ ማስተላለፊያ ከግማሽ ሰከንድ በላይ እንዲሠራ ይበቃዋል፤ አንዲት አጭር መልእክት ለመላክ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ጉንዳን ለጭነት አይሁን እንጂ ጎተራውን የሚሞላው በአንድ ጊዜ አንዲት ፍሬ እየያዘ ነው።

እርግጥ በቀን ብርሃን የጣት ጥፍር የምታህል የሲሊከን ቁራጭ ከዚህ እጅግ የበለጠ ትሰጣለች። የሕያው መሣሪያ ብልጫ በሌላ በኩል ነው። ያለ ተጨማሪ ባትሪ ሌሊት ይሠራል። የተጎዳበትን ራሱ ይጠግናል፤ ፎቶሲስተም 2 ውስጥ ያለው ዋነኛ ፕሮቲን በብርቱ ብርሃን በየግማሽ ሰዓቱ ገደማ እየተጎዳ በአዲስ ይተካል፤ ሰው ሠራሽ የፀሐይ ሰሌዳ ይህን ማድረግ አይችልም። ይራባል፤ የሚያስፈልገው ውሃ፣ አየርና ጥቂት ማዕድን ነው። ከዘይቱና ከሃይድሮጅኑ መንገድ የሚለየውም በዚህ ነው፤ አልጌው ኃይል እንዲሰጥ መራብ አይጠበቅበትም።

የሶዳ ሐይቆቹ ድርሻ

ይህ ምርምር ኢትዮጵያን የሚነካው በፍላጎት በኩል ብቻ አይደለም። ከቢሾፍቱ አቅራቢያ የሚገኘው አረንጓዴ ሐይቅ ስሙን ያገኘው ከመልኩ ነው። መልኩን የሰጠው ደግሞ በተለምዶ ስፒሩሊና የሚባለው ጠመዝማዛ ሳይኖባክቴሪያ ነው። ጃክ ታሊንግና ባልደረቦቹ በ1973 ባሳተሙት ጥናት በዚህ ሐይቅና በጎረቤቱ በኪሎሌ የተካሄደውን ፎቶሲንተሲስ ለክተው፣ ውጤቱን በተፈጥሮ ውሃ ውስጥ ሊደረስበት የሚችለው የምርታማነት ጣሪያ ማሳያ አድርገው አቀረቡት። ከሻላ ሐይቅ አጠገብ ያለው የጪቱ ሐይቅ ስፒሩሊናም በሚገባ ተጠንቷል። ኤልሳቤጥ ከበደ በ1996 ከጉነል አልግሬን ጋር ባሳተመችው ጥናት የዚህ ዝርያ ዕድገት ምን ያህል ብርሃን እንደሚሻና ብርሃኑን በምን ያህል ብቃት እንደሚጠቀም ተመርምሯል። ከዚያ በቀጠለው ሥራዋም የጨው ጫናን እንዴት እንደሚቋቋም ታይቷል።

ለመሐንዲሱ እነዚህ ጥናቶች ልዩ ትርጉም አላቸው። ንጹሕ ውሃ ኤሌክትሪክን በደንብ ስለማያስተላልፍ በንጹሕ ውሃ አልጌ የሚሠራ መሣሪያ ከሚያመነጨው ኃይል ከፊሉን በውስጡ ያባክናል። የሶዳ ሐይቅ ውሃ ግን በጨው የበለጸገ ነው፤ ጅረት ያለ ብዙ ችግር ያልፍበታል። ውሃው ብዙ ሌሎች ደቂቅ አካላት የማይቋቋሙት ስለሆነም ስፒሩሊና በወራሪ ባክቴሪያ የመዋጥ ስጋቱ አነስተኛ ነው። ስፒሩሊና ከኤሌክትሮድ ጋር ሲገናኝ ጅረት እንደሚሰጥ በታይዋን ተመራማሪዎች ከ2009 ጀምሮ በወጡ ጥናቶች ታይቷል። የጪቱን ወይም የአረንጓዴን ዝርያ ከጥቃቅን ቺፕ ጋር ማገናኘት እንግዲህ ከባዶ የሚጀመር ሥራ አይደለም፤ የሥነ ሕይወቱ መሠረት አስቀድሞ ተጥሏል።

ሥራው ውድ የቺፕ ፋብሪካም አይጠይቅም። በጎማ መሰል ፕላስቲክ ላይ ጥቃቅን ቦዮችን የመቅረጽ ጥበብ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ቤተ ሙከራ ይሠራበታል። የሚያስፈልገው ቅርጹን የሚያወጣ መሐንዲስና ሕዋሱን የሚያውቅ የሥነ ሕይወት ባለሙያ በአንድ ጠረጴዛ መቀመጣቸው ነው። በኮሎራዶም ሆነ በሌላ የውጭ አገር ምህንድስና ተምረው አገራቸውን በሙያቸው ለማገዝ የሚሹ ኢትዮጵያውያን ገንዘብ ከመላክ ሌላ ሊገቡበት የሚችሉት አንድ በር ይህ ነው።

በሩ ግን ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ አይጠብቅም። ከጪቱ ብዙም የማይርቀው የአብያታ ሐይቅ፣ ገባር ወንዞቹ ለመስኖ በመጠለፋቸውና ለሶዳ ማምረቻ ውሃው በመሳቡ፣ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ እጅግ ሸሽቷል። የሶዳ ሐይቅ ሲሸሽ የጨዉ ልክ ይዛባል፤ የጨዉ ልክ ሲዛባ ስፒሩሊናው ቦታውን ለሌላ ሊለቅ ይችላል፤ በስፒሩሊናው የሚመገቡት ፍላሚንጎዎችም ይሰደዳሉ። አገሪቱ የጄኔቲክ ሀብቷን ተጠቃሚነት በአዋጅ ቁጥር 482/1998 ደንግጋለች። ሕጉ ግን የሚጠብቀው በሕይወት ያለውን ነው።

የጎልደን ተመራማሪዎች ዘይት ፍለጋው ሲቋረጥ የሰበሰቧቸውን ዝርያዎች አልጣሏቸውም፤ ለሃዋይ ዩኒቨርሲቲ አስረከቧቸው። ኢትዮጵያም ከሁሉ አስቀድማ ልታደርገው የምትችለው ቀላሉ ሥራ ይህ ይመስላል፤ ከየሶዳ ሐይቁ ጥቂት ጠብታ ወስዶ፣ ዝርያውን ለይቶ፣ ስሙንና የተገኘበትን ቦታ መዝግቦ፣ በቤተ ሙከራ ጠርሙስ ውስጥ ማኖር። የዛሬው ቺፕ በነገው ሊተካ ይችላል። ከሐይቅ የጠፋን ዝርያ ግን የትኛውም ፋብሪካ መልሶ አይሠራውም።